የንፋስ ጠመንጃዬና የጎረቤቴ ጥሪ

በእባብ የደነገጠ፣ በጅብ የደነገጠ፣ በተኩስ የደነገጠ ሰው አገሩን ሞልቶታል። እኔ የደነገጥኩት በገዛ አፌ ነው። ከአፌ አንድ ቃል ወጣ፤ የቃሉን ዋጋ ያየሁት ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለውን የእናቴን መሬት ማረስ ይዣለሁ። የምዘራው ማሽላ ነው። እዚያ ማሽላ መዝራት ቀላል ነው፤ ከባዱ መብላቱ ነው። ከገደሉ ዝንጀሮ ይወጣል፣ ከጫካው ጦጣ ይመጣል፣ ከሰማይ ወፍ ይወርዳል። እሸት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስከ አጨዳ ድረስ ማማ ላይ ሰው ካልዋለ ለባለቤቱ የሚተርፈው አገዳ ብቻ ነው። ማማው አራት ቋሚ እንጨት፣ ላዩ ላይ ርብራብ፣ ጎኑ ላይ በልጥ የታሰረ መወጣጫ ነው። ከዚያ በላይ ምንም የለውም።

ከእኔ ማማ ማዶ፣ ትንሿን ሸለቆ ተሻግሮ፣ የጎረቤታችን ማማ ይታያል። ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተዋል፤ እሳቸው ከማሳቸው ራስጌ ባለችው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ማሽላቸውን ለማንም አያምኑም። «ልጆቼ ያንቀላፉብኛል» ይላሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው፤ ወንጭፍ ሲወነጭፉ ግን ያየ ጉድ ይላል። የንጋቱን ሶላት ሰግደው፣ ቅል ውኃቸውን አንጠልጥለው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ማማቸው ላይ ናቸው።

በእኛ አገር ጥበቃው በድምፅ ነው። ዝንጀሮ ያየ ሰው «ሆ...ይ!» ይላል፤ ማዶ ያለው «ሆ...ይ!» ብሎ ይመልሳል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ይቀበላል። ዝንጀሮ ባይመጣም እንኳ በየመካከሉ አንድ «ሆ...ይ» ይላካል፣ አንድ ይመለሳል። አለመመለስ ነውር ነው። ለምን ነውር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጩኸቱ ሁሉ ለዝንጀሮ ይመስለኝ ነበር፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ያልጠየቅኩትን ያወቅኩ መስሎኝ። ድሮ ጅራፍም ይጮህ ነበር። ዘንድሮ የጅራፍ ድምፅ ከተኩስ ጋር እየተመሳሰለ ሰዉን ስለሚያስበረግገው ሁሉም ጅራፉን ሰቅሎታል። የቀረው የሰው ጉሮሮ ነው።

መስከረም ሲያልቅ ደሴ የሚኖረው የሚስቴ ወንድም መጣ። በበዓል ቀን መንገድ ዳር ፊኛ ሰቅሎ ሰው ያስተኩስበት የነበረ የንፋስ ጠመንጃ ነበረው፤ ያን ሥራ ሲተው ይዞልኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ከመጮህ ይሻልሃል» አለኝ።

አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረህ፣ ከሽንብራ የምታንስ የእርሳስ ፍሬ ታጎርሳለህ፣ መልሰህ ትገጥማለህ፣ ትተኩሳለህ። ድምፁ ጢፍ ነው፤ ሰው እንትፍ ካለው አይበልጥም። ዝንጀሮን ሲመታው ቁንጫ የነከሰችው ያህል ነው፤ ቂጡን አክኮ ዞር ብሎ ያየኛል። ለጦጣና ለወፍ ግን ሞት ነው።

የመጀመሪያዋን ጦጣ የጣልኩ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጅራቷን ይዤ ከማዶ ለእቴቴ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«አዬ ልጄ!» ሲሉ ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። «እሷም እኮ ሪዝቋን፣ የዕለት እንጀራዋን ፍለጋ ነው የመጣችው!»

«ሪዝቋ የኔ ማሽላ ነው ወይ?»

«ብታባርራት ይበቃት ነበር!»

ሳቅኩባቸው። አርባ ዓመት ሲያባርሩ ኖረው ጦጣው አላለቀላቸውም፤ እኔ በአንድ ሳምንት አራት ጥያለሁ። ተኳሽነት የሚባል ነገር በደሜ የነበረና ሳላውቀው የቀረሁ ሁሉ መሰለኝ።

ጠመንጃው አንድ አመል ነበረው። ቅርብ ካልሆነ አይመታም። ጦጣ ቅርብ እንዲመጣ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። ማማዬን ትቼ ከአገዳው ሥር ማድፈጥ ጀመርኩ። ትንፋሼን ይዤ ሳነጣጥር እቴቴ ከማዶ «ሆ...ይ!» ይላሉ፤ ጦጣዎቹ እልም ይላሉ። ስለማልመልስላቸው ደግሞ ይደግሙታል፤ «ሆ...ይ! አንተ አስተማሪ!» አንድ ቀን ብግን ብዬ ተሻገርኩ።

«እቴቴ፣ እባክዎ ይህን ጩኸት ይተዉልኝ። ሲጮኹ ይሸሻሉ።»

«እንዲሸሹ እኮ ነው የምጮኸው!»

«ከሸሹ ነገ ይመለሳሉ። ዝም ካሉልኝ ግን አንድ በአንድ እጨርሳቸዋለሁ፤ የእርስዎም ማሽላ ያርፋል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

«ወርቅ አይበላ፤ የሚበላው ማሽላው ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ይሁን፣ አንተ የተማርክ ነህ። አብሽር፣ ዝም እላለሁ። ካስፈለገኝ ብቻ እጣራለሁ» አሉኝ።

ካስፈለገኝ ብቻ። ይህን በጆሮዬ ሰምቼ በልቤ አላስቀመጥኩትም። እንደ አሸናፊ ሸለቆውን ተሻግሬ ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ጸጥ አለ። እውነት ለመናገር ጸጥታው ይከብድ ነበር። አንዳንዴ ማማዬ ላይ ወጥቼ ማዶ ሳይ፣ እቴቴ ኩርምት ብለው የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ሲቆጥሩ አያቸዋለሁ። ዝንጀሮ ሲመጣ በወንጭፍ ብቻ ይመልሱታል፤ ድምፅ የለም። ቃላቸውን እንዴት እንደጠበቁ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደስታ ያሳፍረኛል።

ኅዳር እንደገባ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ አራት ሰዓት ይሆናል፣ ለቀናት የጠበቅኩት አውራው ጦጣ መንጋውን አስከትሎ መጣ። እኔ አገዳው ውስጥ በሆዴ ተኝቻለሁ። አገዳው ከቁመቴ በላይ ስለሆነ ማዶው አይታየኝም። አውራው ቀስ እያለ ቀረበ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው።

«ሆ...ይ!»

ጦጣዎቹ ቀና አሉ። ጥርሴን ነከስኩ።

«ሆ...ይ!»

አንዳንዶቹ ወደ ዛፉ ሮጡ። ሦስተኛው ጥሪ ቀጠን ብሎ መጣ፤ አውራውም ተፈትልኮ ሄደ። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

«እቴቴ! አደራዎን ዝም ይበሉልኝ!»

ዝም አሉ። ወዲያው ዝም አሉ፤ ግማሽ ጥሪ እንኳ አልተከተለም። «እንዲህ ነው እንጂ» ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መንጋው ተመለሰና አውራውን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ያለኝን ቆሎ በልቼ ጥላ ሥር ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ይህንንም ልጽፈው ይገባል።

ወደ አሥር ሰዓት ማማዬ ላይ ወጣሁ። ወደ ማዶ ሳይ እቴቴ የሉም። እሳቸው በሚቀመጡበት ርብራብ ላይ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ከሥሩ መንጋው ማሽላውን እየዘነጠፈ፣ እየጣለ፣ ሳይቸኩል ይበላል። በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ሳይነግሩኝ ገቡ» የሚል ነበር፤ ተናደድኩባቸው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዒላማ አላገኝም የሚል ነበር። ሦስተኛ ሐሳብ አልመጣልኝም። ሸለቆውን የተሻገርኩት ዝንጀሮ ለመተኮስ ነው። ለእቴቴ ብዬ አይደለም።

ተጠግቼ ተኮስኩ። ዝንጀሮው ዘሎ ወረደ፣ መንጋው ተበተነ፤ ማማው ሥር የተጣለ ልብስ የመሰለ ነገር አየሁ። ልብሱ ውስጥ እቴቴ ነበሩ።

የማማው መወጣጫ አንዱ እርከን ልጡ በስብሶ ተበጥሷል፤ የላስቲክ ጫማቸው አንዱ እዚያው ተሰክቶ ቀርቷል። በጎናቸው ወድቀዋል፤ ቀኝ ጭናቸው ጭን በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ወንጭፋቸው በእጃቸው ነው። እጃቸው በሚደርስበት ዙሪያ አንድ ጠጠር እንኳ አልቀረም፤ ተኝተው ሁሉንም ወርውረው ጨርሰዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር።

«መጣህ?» አሉኝ።

በዚያች ቃል ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ቅሉን ከማማው አውርጄ ውኃ ላጠጣቸው ስል ደረታቸው ላይ አፈሰስኩት። ጠመንጃውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ከዚያ ቆሜ «ሆ...ይ!» አልኩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። የእቴቴ ድምፅ ከማይደርስበት ከላይኛው ማማ መልስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ካለው መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዳፋቱ በሰው ሩጫ ተሞላ።

ልጆቻቸው በቃሬዛ አነሷቸው። ትልቁ ልጃቸው ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

«አስተማሪ፣ አንተ እዚሁ አልነበርክ? እናቴ አልተጣሩም?»

ዓይኔን ወደ ቃሬዛው መለስኩ። ከቃሬዛው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ነፋሱ ወደ ገደሉ ነበር። ከየት ይሰማል?» አሉ እቴቴ።

ያን ቀን ነፋስ የሚባል አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው የቆመበት ማሽላ አንድ ቅጠል እንኳ አልነቀነቀም። ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ ቃሬዛውን አነሣ፣ ዳገቱን ተያያዙት። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

መካነ ሰላም ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች ጭናቸውን አስረው ከቀናት በኋላ ወደ ቤታቸው መለሷቸው። እኔ አልሄድኩም። ሚስቴን ስኳር አስይዤ ላክኋት፤ እኔ ግን ማሳ አለብኝ፣ ዝንጀሮ አለብኝ እያልኩ ተደበቅኩ። እናቴ ሳጠፋ የመደበቅ የልጅነት አመሌን ስለምታውቅ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። በሳምንቱ መቋቋም ሲያቅተኝ፣ ብቻቸውን የሚሆኑበትን ሰዓት ጠብቄ ገባሁ። መደብ ላይ ተኝተዋል።

«እቴቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ሰምቼዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። መልሰህልኝ የለ?»

«ዝም ይበሉ ነው እኮ ያልኩዎት።»

«አዎ። እሱን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ።»

አልገባኝም።

«ሰምቶኛል አልኩ» አሉ፣ ቀላል ነገር እንደሚያስረዱ ሁሉ። «ሰምቶኛል፤ ጦጣዎቹን እስኪጨርስ ነው እንጂ ይመጣል አልኩ። ደግሜ ብጮህ አደንህን አበላሽብሃለሁ። ስለዚህ ጠበቅኩህ።»

ቢረግሙኝ፣ ቢያለቅሱብኝ፣ በልጃቸው ቢያስደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ጥላ ሥር ሳንቀላፋ እሳቸው በተሰበረ ጭን ተኝተው፣ ይመጣል እያሉ፣ ለእኔ ጦጣ ሲሉ ድምፃቸውን ውጠው ዋሉ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

«ታዲያ ለልጅዎ ለምን ነፋስ አሉት?»

«ከርሞ እዚያ ማማ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። እኔማ ከእንግዲህ በምን እግሬ? ካንተ ጋር ከተቀያየመ፣ ሲጣራ ማን ይመልስለታል?»

እሳቸው ጨዋታውን እንደጨረሱ ሁሉ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«በል፣ ማሽላህ ተበላ። ውረድና ተጣራ። በሩን ክፍቱን ተውልኝ፤ እኔም ከዚህ እመልሳለሁ። ሥራ መፍታት ገደለኝ።»

ወረድኩ። ጠመንጃው የማማዬ ቋሚ ላይ ተደግፎ ነበር፤ አንድ ሰው ከማዶ አንሥቶ አምጥቶልኛል። አልነካሁትም። ማማው ላይ ወጥቼ እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ሆ...ይ!» አልኩ። መልስ የለም። የቤቱ በር ክፍት ሆኖ ይታየኛል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ደግሜ ጮኽኩ። መልስ የለም። ርብራቡን ጨብጬ ተቀመጥኩ፣ የምጸልየውን እንኳ አላውቀውም። ከዚያ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ከተከፈተው በር፣ «ሆ...ይ» የሚል ድምፅ መጣ።

የጠበቅኩት ትንሽ ነው፤ አንድ ጦጣ ከዛፍ እስክትወርድ ያህል ቢሆን ነው። እሳቸው የጠበቁኝ ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ነበር።