የአፈወርቅ ሙሾ ሰባተኛ ዘፈን ሆነ

ወይዘሮ ሸዋረጋ ቀየት በሚባል የደጋ አገር ሰው ሲሞት የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሟችን ደግነት በግጥም እየደረደሩ አገር አስለቅሰዋል። ለአንድ ሟች የወጣ ሙሾ ግን ከቀብሩና ከአርባው ወዲያ ከአፋቸው አይወጣም። ለቅሶ በሌለበት ቤት ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው፤ ሞትን ና ግባ ማለት ነው። የበግ ፀጉር ሲፈትሉ እንኳ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

እንግዲህ ሙሾ ሸጡ የተባሉት እኚህ ሴት ናቸው!

የጎረቤታቸው የወይዘሮ ጌታነሽ ልጅ አፈወርቅ በሃያ ሦስት ዓመቱ ሞተ። ሸዋረጋም እንዲህ ብለው አለቀሱለት፦

ገብሱ ሳይታጨድ ሰማዩ ጨለመ፣
አፈወርቅ ተኛ ሳይመሽበት ደከመ።

ከአዲስ አበባ ለቀብር የመጣ አትናቴዎስ የሚባል የሟቹ የሩቅ ዘመድ ስልኩን ከጋቢው ሥር ደብቆ ሙሾውን ቀዳው። ማንንም አልጠየቀም። ይህ ልጅ ባንድ አለው። ሮክ ነን ይላሉ እንጂ የማይሞክሩት የለም፤ አንዱ ዘፈናቸው ጆሮ ያደነቁራል፣ ሌላው የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የሚዘፍኑት፣ ካንትሪ የሚሉት ለስላሳ ነገር ነው። ጊታሩ ሲንሰቀሰቅ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ይላል። ይሁን፣ የፈለጉትን ይጫወቱ! ግን በአልበማቸው ሰባተኛ ዘፈን ላይ የሸዋረጋን ድምፅ ከነሲቃው፣ የአፈወርቅን ስም ከነግጥሙ አስገቡት። ከበሮ ጨመሩበትና ማስጨፈሪያ አደረጉት!

ጌታነሽ ዘፈኑን የሰሙት ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ወጣቶች ያጨበጭባሉ። “አውርዱኝ!” ብለው ጮኹ፤ ጓሳ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ወርደው በእግራቸው መጡ። ቤታቸው ሳይገቡ የሸዋረጋ በር ላይ ቆመው፣ “ልጄን ሸጥሽው” አሉ።

ከዚያ ወዲያ አምስት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። ሸዋረጋን የበላቸው ይኸው ነው። ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ይስማቸው? ድምፁ የሳቸው ነዋ።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ያ አትናቴዎስ ማይክሮፎን ይዞ ከች አለ! ጉልበት ስሞ ተቀመጠ።

“እማማ ሸዋረጋ፣ ሰባተኛውን ሕዝቡ እንዴት እንደወደደው! ለሚቀጥለው አልበም ሌላ ሙሾ ይስጡን። አሁን ስምዎንም እንጽፈዋለን።”

“የእኔን ስም ምን ላደርገው? የሟቹን ስም ከዘፈኑ አውጣልኝ እንጂ።”

“እሱማ ተሰራጭቷል፤ አይመለስም። ደግሞ እኮ ማክበራችን ነው።”

ማክበራቸው ነው! የሸዋረጋ ደማቸው ፈላ። ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። የአርባ ዓመት ሕጋቸውን ሊሽሩ ነው።

“በል ቅዳ” አሉት።

ጊታሩ ተሰቅሎ ቀረ ከግድግዳ፣
አትናቴዎስ ልጄ ሄደ በማለዳ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ፈገግ ብሎ ሰማ። ሁለተኛው ላይ ፊቱ አመድ መሰለ።

“እማማ! እኔ እኮ በሕይወት አለሁ! ምን ሟርት ነው ይኼ?”

“የአፈወርቅም እናት በሕይወት አለች” አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

በዚያ አገር የሙሾ ድምፅ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ጌታነሽም ገብስ የሚያበጥሩበትን ሰፌድ ወርውረው፣ አምስት ወር ያልረገጡትን ደጃፍ አልፈው ገቡ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። እኔን አላመንሽኝም፤ እሱ ይንገርሽ።”

አትናቴዎስ አንገቱን ደፋ። “እኔ ነኝ ተደብቄ የቀዳሁት። እሳቸው አያውቁም ነበር።”

“ከበሮውንስ ማን መታው?” አሉ ጌታነሽ።

“እኔው ነኝ።”

 ጌታነሽም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሸዋረጋ ጎን ተቀመጡ።

“ሸዋዬ” አሉ፣ “ጀምረሽ አትተዪው። ጨርሺለት።”