ገና ቤት አለዎት

ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሿ» ነበር የሚላት። ስሟን አዲስ የሰማ ሰው ጦር ሜዳ የከረመች ሴት መስላው ፊቷ ላይ ጠባሳ ይፈልጋል። እሷ ግን ስትተኩስ የኖረችው አንሶላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እንፋሎት ፊቷን እያጠበው፣ ሌላ ሰው አንድ ሌሊት ተኝቶበት የሚሄደውን አንሶላና የትራስ ልብስ ስታቃና ኖራለች። ቀኝ ክንዷ ከግራው ወፈር ያለ ነው። ቀልድም ታውቃለች፤ «ስንት ጣልሽ?» ሲሏት «የተጨማደደ አይቼ አላለፍኩም» ትላለች።

ከእናቷ ጋር የምትኖረው በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከጓሮ በኩል ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረውበታል። የእናትየው ዓይን ከጠፋ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ያየ ሰው አያዩም ብሎ አያምንም። ከአልጋቸው ይነሱና የወንበሩን መደገፊያ ነክተው፣ በሩን ከፍተው፣ የጎረቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳበሱ ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። ሻይ ያፈላሉ፣ ያጠቡትን ሽቦው ላይ ያሰጣሉ። ልጃቸው ሥራ ስትውል ሐሳብ አይገባትም ነበር። እናቷን ቤቱ ይጠብቅላታል።

አከራዩ ሽማግሌ ደግ ባይባሉም ክፉ አልነበሩም። ጣሪያው አፈሰሰ ሲሏቸው «እናየዋለን» ይላሉ፣ ሁለት ክረምት ያልፋል፣ ከዚያ ይጠግኑታል። ሚስታቸው ቀደም ብላ ስለሞተች አንዲት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን የምትጥለው ተኳሿ ቤት ነበር። ፀጉሯን የምትጎነጉንላት፣ ዩኒፎርሟን የምትተኩስላት ተኳሿ ናት፤ የተበጠሰ ቁልፏን የሚተክሉላት ደግሞ ያኔ ዓይናቸው ደህና የነበረው እናትየው። ልጅቷ «እትዬ» ነበር የምትላት። የሠርጓ ዕለትም ቬሎዋን ሦስት ሰዓት ቆማ የተኮሰችላት እትዬ ናት።

ሽማግሌው በሞቱ በሦስተኛው ወር ይህችው ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ወረቀቱ በስልሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ልቀቁ ይላል፤ ግቢው ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። ተኳሿ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም።

«ምን አጠፋን?» አለቻት።

«ምንም አላጠፋችሁም፣ እትዬ። የጥፋት ጉዳይ አይደለም።»

«እማዬን የት ላድርጋት?»

ልጅቷ ወደ ውስጥ አላየችም። «እንደናንተ ላሉት ማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል አሉ» ብላ ሄደች።

ተኳሿ ከሥራ በወጣች ቁጥር እግሯ እስኪቀጥን ቤት ፈለገች። ደላላው ይደውላል፣ ትሄዳለች፣ ክፍሉን ታያለች፣ ይስማማሉ። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ እንደማያዩ ስትናገር ግን አከራዮቹ አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል። አንዷ ለእህቷ ልጅ ቃል ገብታ ነበር። አንዱ እሳት ያነሳሉ ብሎ ፈራ። አንደኛው ደግሞ አዝኖ ከንፈሩን መጠጠና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኋላ እናቷን መደበቅ አማራት፤ ይህን ያሰበች ዕለት በራሷ አፍራ እራት ሳትበላ ተኛች።

በሃያኛው ቀን ፈቃድ ወስዳ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የቤቶች ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሰልፉ ደረጃውን ሞልቶ ይወርዳል። ተራዋ የደረሰው ከምሳ በኋላ ነበር። ጸሐፊዋ በዕድሜ የእሷው እኩያ የሆነች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቅጹን እየሞላች ሥራዋን ጠየቀቻት።

«ተኳሽ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «የሠራዊት አባል ነበሩ? ለእነሱ ቅድሚያ አለ።»

«ልብስ ነው የምተኩሰው።»

ጸሐፊዋ የጻፈችውን ሰረዘች። ቀጥላም ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና መለሰችላት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ለመጣላት ይመች ነበር።

«እኛ የምናስተናግደው ቤት የሌለውን ነው» አለቻት። «እርስዎ ገና ቤት አለዎት።»

«በአርባ ቀን ውስጥ ያስወጡናል።»

«ሲያስወጡዎት ይምጡ። ግን ልብ ይበሉ፤ በፈቃድዎ ከወጡ ቤትዎን ራስዎ እንደተዉት ይቆጠራል፣ ከመዝገብም ይሰረዛሉ። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ መውጣት አለብዎት።»

«ተከስሼ ልምጣ ነው የሚሉኝ?»

«ደንቡ እንደዚያ ነው።»

በዕድሜዋ ፍርድ ቤት ደጅ ረግጣ የማታውቅ ሴት በማግስቱ ወደ አከራዩ ልጅ ሄዳ «ክሰሺኝ» አለቻት። ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት፤ ቶሎ ከከሰስሽኝ ቶሎ እወጣልሻለሁ አለቻት። ልጅቷ ግን አላመነቻትም። ከጀርባ የሚመክራት ሰው እንዳለ፣ ቀን ለመግዛት እንደሆነ ጠረጠረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ስታልፍ ሰላምታም ቀረ።

ስልሳው ቀን አለፈ። ሌሎቹ ተከራዮች አንድ በአንድ ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። ባዶ የቀሩትን ክፍሎች ማፍረስ ተጀመረ፤ እናትየው በመዳፋቸው እየዳበሱ የሚሄዱበት ግድግዳም ተራው ደረሰ። ተኳሿ የሠራተኞቹን አለቃ ያን አንዱን ግድግዳ ለመጨረሻ እንዲያቆይላት ለመነችው። እሱም የታዘዝኩት ነው ብሎ ከሰዓት ጣለው። እሷ ደግሞ ገመድ ገዝታ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ወጠረች። እናትየው ሁለት ቀን በገመዱ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሠራተኛ ቆርቆሮ ሊያስርበት ፈትቶ ወሰደው። እናትየው ገመዱን ሲፈልጉ ፍርስራሹ ላይ ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ተኳሿን ከሥራ ቦታ ጠርተዋት ስትደርስ እናቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«የት ቦታ እንዳለሁ ጠፋኝ፣ ልጄ» አሏት።

ክሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛው ማስጠንቀቂያው ደርሷት እንደሆነ ጠየቋት፤ ደርሶኛል አለች። ለምን አልወጣሽም ሲሏት የቤቶች ክፍል ያላትን ተናገረች፤ ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ዳኛው ያ የእሳቸው ጉዳይ እንዳልሆነ ነገሯት። የልጅቷ ጠበቃ ተከራይዋ ሆን ብላ ግንባታ እንዳደናቀፈች አስረዳ። ልጅቷ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅ «የአባቴ ተከራይ ናት» አለች። ተኳሿ ቀና ብላ አየቻት። ተፈረደባት።

ዕቃቸው መንገድ ዳር የወጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አስፈጻሚዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አልጋውን ሲያወጡ በጥንቃቄ ነው፣ ብርጭቆ እንኳ አልሰበሩም። እናትየው በጄሶ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አስፋልቱ ጠርዝ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተኳሿ እናቷን እንድታይላት ለሰፈሩ ባለሱቅ አደራ ብላ ትዕዛዙን ይዛ ማዘጋጃ ቤት በሩጫ ሄደች። ያቺው ጸሐፊ ወረቀቱን አየች፣ ማህተሙን አየች፣ ፈገግ ለማለትም ሞከረች።

«አሁን መስፈርቱን ያሟላሉ» አለቻት።

የተሰጣቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ «ለጊዜው» ተብሎ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ስምንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል። እናትየው ከዚያ አወዳደቅ በኋላ ድፍረታቸው አብሮ ተሰበረ፤ ያለ ልጃቸው ከአልጋ አይወርዱም። ጠዋት ሥራ ስትሄድ ፖፖውን ታቀርብላቸዋለች፣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ሥራዋ ሁለት አውቶቡስ ይርቃል፤ የመጀመሪያው የሚያልፈው በድሮው ግቢ በኩል ነው።

እዚያ የተሠራ ነገር የለም። ልጅቷና ባለቤቷ መሠረቱን አስቆፍረው ነገሩ አልሄድ አላቸው፣ ኋላም ተፋቱ ይባላል። ጉድጓዱ ውኃ ይዟል፣ በአጥሩ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። የእነ ተኳሿ ሁለት ክፍሎች የነበሩበት ጥግ አልተቆፈረም፤ ወለሉ ከነሲሚንቶው ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን እዚያ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። አሁን ታየዋለች።

ባለፈው እሑድ ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው ሳለ እናትየው ድንገት ስለ ሕንፃው ጠየቋት።

«አለቀ ወይ?»

ማበጠሪያውን አስቀምጣ ፀጉራቸውን መጎንጎን ጀመረች። «አልቋል፣ እማዬ።»

«ስንት ፎቅ አደረገችው?»

«አምስት።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ቦታው ያስፈልጋት ነበር» አሉ።

ተኳሿም አዎ ብላ ፀጉሩን መጎንጎን ቀጠለች።