ሁለት ዓይን ያለው ገራፊ

ልጅ እያለሁ፣ ሰው በስንት ዓይን እንደሚሳል ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ኃጢአተኛ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ቀለሙን የምበጠብጥለት እኔ ስለነበርሁ ጣቶቼ ቢጫና ቀይ እንደሆኑ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ልጆቹም «በቀቀን» ይሉኝ ነበር።

የአባቴን ብሩሽ ይወርሳል የተባለው ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ ነበር። እሱ ግን አንድ ማለዳ የደብራችንን ሥዕል ጅምር ጥሎ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አስመራ ገባ። አባቴ አልጮኸም። በዚያው ሥዕል ላይ ጌታን ከሚገርፉት ወታደሮች አንዱን በአያ ታከለ መልክ ሳለው። ያው ሾጣጣ አገጭ፣ ያው የግንባር ጠባሳ፣ ዓይኑ ግን አንድ! እናቴ ሸራውን ስታይ ደረቷን መታች።

«ምነው አንተ ሰው? የገዛ ልጅህን?»

«ልጅ የለኝም» አላት።

ወንድሜ ሽማግሌ ቢልክም አባቴ ወይ ፍንክች! ሸራው ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ነው። ከተለጠፈ አበቃ፤ አያ ታከለ አገር እያየው ዕድሜ ልኩን ጌታን ሲገርፍ ሊኖር ነው። እኔ ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ።

በዐቢይ ጾም ትምህርት ቤታችን ሥዕል የሚያራምድ መሣሪያ መጣ። የጠፋውን ልጅ ታሪክ ያሳያል፣ ወላጆችም ይምጡ ተባለ። አባቴን እጁን ይዤ ጎተትሁት። «ሥዕል ከተራመደማ የሳለው ጠንቋይ ነው» እያለ ተከተለኝ። እውነቱን ለመናገር የሌላ ሰዓሊ እጅ ማየት ይወድ ነበር።

በቀትር የአዳራሹን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው አጨለሙት። ግድግዳው ላይ በተወጠረው አቡጀዴ ላይ ብርሃን ፈሰሰና አንድ ጎረምሳ ከአባቱ ቤት ወጥቶ በጎኑ ይራመድ ጀመር።

«አየሽ? አንድ ዓይን!» አለኝ አባቴ ደስ ብሎት። «ይኼን የሳለው ፈረንጅ ሕጉን ያውቃል።»

ምነው ባላመጣሁት አልሁ። ጎረምሳው ተራበ፣ አሳማ ጠባቂ ሆነ፤ አባቴ አሳማዎቹን አይቶ አማተበ። ከዚያ ጎረምሳው ቆመ። አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ እኛ መለሰ። ያ ያልታየው ዓይኑ ብቅ አለ።

«ዞረ!» አለ አባቴ፣ ጮክ ብሎ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን እጄን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ነበር።

ስንመለስ የቀሃን ወንዝ እንደተሻገርን፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «ለካ ሌላው ዓይኑ በወዲያ በኩል ነበረ» አለ። «እንዳይዞር ያስቆምሁት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ቀለም አስበጠበጠኝና የዚያን ወታደር ፊት አጥፍቶ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ሳለው። «ጅራፉስ አባዬ?» ስለው፣ «ጅራፉ ይቆይ፤ ያጠፋውንማ አጥፍቷል» አለኝ። ይኸው ነው አባቴ! ለአያ ታከለም በሾፌሮች በኩል «ና፣ አባትህ ይፈልግሃል» ብሎ ላከ።

ለፋሲካ መጣ። ደጃፉ ላይ አፍሮ፣ በጎኑ ቆሞ አጥሩን ያያል። አባቴ ወጣና፣ «ዙር እስቲ ልጄ፣ ፊትህን ልየው» አለው። እናቴ እልል አለች፤ እኔ አለቀስሁ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ዮናስን በሉት ዮሴፍን፣ ሁሉንም በሚሮጥ ሥዕል ያዩታል። እነሱ ዓሣ ነባሪውን ይጠብቃሉ፤ እኔ ሰው አንገቱን የሚያዞርባትን ቅጽበት። እንደኛ ጊዜ ተአምር አይሆንባቸውም፤ ቢሆንም እሰይ፣ ምሕረትን ቤታቸው ተቀምጠው አዩ።

አባቴም አያ ታከለም አርፈዋል። ሸራው ግን አለ። የሚያየው ሁሉ፣ ከገራፊዎቹ መካከል ይኼ አንዱ ምነው ሁለት ዓይን ኖረው ብሎ ይጠይቃል። ቄሱም «ሰዓሊው ተሳስቶ ይሆናል» ይላሉ። እኔ በሆዴ፣ የተሳሳተስ በአንድ ዓይን የሳለው ጊዜ ነበር፣ ተመስገን አረመው እላለሁ።