ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው

እህቴ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ እየሄደች ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ትገተራለች፤ ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ያገኘ ሎተሪ እንደወጣለት ነበር የሚቆጠረው። እየቆየች መውጣቱንም ተወችው። ቁርስ ላይ እንኳ ቀና ብላ አታየንም፤ እኔን ያንገበገበኝ ያ ዝምታዋ ነው።

ያኔ ኮድ መጻፍ እማር ነበር። ከአንድ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ዜሮ ዓመት የሚለውን ብቻ የሚለቅምልኝ ፕሮግራም ጻፍኩ። ለኮምፒውተሩ መንገዱን ትነግረዋለህ፦ ከላይ ግባ፣ ሦስተኛው ሰንጠረዥ፣ በውስጡ አራተኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው ሳጥን፤ እዚያ ያለውን አምጣ። አመጣልኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ገጽ ለካ ከጀርባው ግቢ አለው፤ በግቢው ቤት፣ በቤቱም ክፍል።

በማግስቱ ያመጣልኝ ግን የፍሪጅ ጠጋኝ ስልክ ቁጥር ነው። ገጹ አናት ላይ የንግድ ማስታወቂያ ጨምረው ሁሉም ወደ ታች ወርዷል። ድካሜን ውሃ በላው ብዬ ስነጫነጭ፣ እናቴ አጠገቤ ሆና ከአምቦ ለሚመጣው አጎቴ በስልክ ቤታችንን ታመላክታለች። የሰፈራችን የልደታ ቤቶች መፍረስ የጀመሩበት ሰሞን ነው።

«ሦስተኛው በር ብለህ እንዳትቆጥር፣ የፊተኞቹ ፈርሰዋል» አለችው። «ወፍጮ ቤቱን ጠይቅ። ከሱ ቀጥሎ ያለው የኛ ነው።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ቁጥሮቹን ሁሉ አጠፋሁና በኮዱ ቋንቋ እንዲህ አልኩት፦ «የሥራ ልምድ» የሚል የተጻፈበትን ሳጥን ፈልግ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን አምጣ። መአቱን ገጽ አዳረሰው። ማስታወቂያ ቢጨምሩ ቢቀንሱ መንገድ አይስትም። እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ ያ ሁሉ ልብ አውልቅ ትምህርት የሰፈራችን ሰው ቤት የሚያመላክትበት ዘዴ ሆኖ ቁጭ አለ።

ከለቀማቸው ሥራዎች የአንዱ ምዝገባ በዚያው ቀን ያበቃል። «ተነሺ፣ ዲግሪሽን ያዢ» አልኳት።

«ደግሞ ጀመረው» አለች እህቴ። ግን ሄደች፤ ተቀጠረችም።

በኋላ የኛም ቤት ተራው ደርሶ ፈረሰ፣ ወፍጮ ቤቱም አብሮ ሄደ። እህቴ ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ቤት ተከራየችልን። በገባን ሰሞን አጎቴ ደወለና ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ስልኩን እንደያዘች በመስኮት አየት አደረገች።

«ልጄ የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት ጠይቅ» አለችው። «ከሱ ቀጥሎ ያለው የኛ ነው።»