የእናቴ ስድሳ ኪሎ

ነርሷ እናቴን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ከወንበር አምስት ጊዜ እንድትነሳ አዘዘቻት።

«ሳይደገፉ ነው እማማ። እኔ እቆጥራለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ባሬላ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ማን ቆጠረልኝ?» አለችና ተነሳች። ሁለተኛውን እየሳቀች፣ ሦስተኛውን ከንፈሯን ነክሳ ተነሳች። አራተኛው ላይ ግማሽ ደርሳ ተመልሳ ዘጭ አለች። ነርሷ ወረቀቷ ላይ ሦስት ብላ ጻፈች።

እናቴ ወለተማርያም ያኔ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ሃያ አራት ዓመት የቀን ሠራተኛ ሆና ኖራለች። ሸጎሌ ከቆሙት ቤቶች የስንቱ አሸዋና ጠጠር ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ በሚሸከመው ባሬላ፣ በእሷ ጉልበት ወጥቷል። ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ባለው ሰው ላይ ነው፤ ጓደኞቿ ሁልጊዜ ከኋላ ያስይዟት ነበር። በሌላ ነገር ስትመካ ሰምቻት አላውቅም፤ በእግሯ ግን ትመካ ነበር።

ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ቀብራለች። እኔ ስወለድ ቁስቋም ማርያም ወጥታ «ይቺን ካተረፍሽልኝ በየዓመቱ ኅዳር ስድስት በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። እኔም ተረፍኩ። ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፣ ሰው ቤት ልብስ አጠብኩ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ተመልሼ እሷው ቤት ገባሁ። የተሳለችልኝ ኑሮ ይኸው ነው። እሷ ግን አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ኅዳር አላጎደለችም። በታክሲ መሄድ አይቆጠርም ትላለች። ስለቱ ከጎደለ እመቤታችን የሰጠቻትን መልሳ እንደምትወስድ ታምናለች። የሰጠቻት እኔን ነው።

አምና ክረምት ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እግሯም ያብጥ ነበር። መስከረም ላይ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ከወንበር ተነሺ የተባለችውም ያን ቀን ነው።

«ልባቸው ደክሟል» አለችኝ ነርሷ። «ደሙን መግፋት ሲያቅተው ውሃ እግራቸው ላይ ይጠራቀማል። ይህ ክኒን በሽንት ያወጣዋል። በየቀኑ አስመዝኛቸው፣ ክብደታቸው ከተለወጠ ቶሎ አምጫቸው።»

የቀረውን ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ከኋላችን ወረፋ የያዘው ሰው ያጉረመርማል። ካርዱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እኛ ሰፈር የታመመ ይከሳል፣ የዳነ ይወፍራል። ከዚህ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ክኒኑን ስትጀምር ሽንቷ መላወሻ አሳጣት። የጋራው ሽንት ቤት አሥራ አራት ደረጃ ወርዶ ነው፤ ወርዳ ሳትጨርስ ደግሞ ይመጣባታል። በሁለት ሳምንት ከሃምሳ ስምንት ኪሎ ሃምሳ ሁለት ገባች። የጉንጯ አጥንት ወጣ። ትንፋሿ ተሻሽሎ ነበር፤ ያንን ግን ማንም አላየላትም። ጎረቤታችን አሪፋ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት እየደረደረች ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወለቴ! ምን ነክቶሽ ነው? አለቅሽ እኮ!»

እናቴ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በዚህ ጉልበት ቁስቋም አልደርስም» አለች። «ያ ክኒን አቅሜን በሽንት እያወጣው ነው።»

ወደ ነርሷ መመለስ ነበረብን። እናቴ ግን አልጋ ያስይዙኛል፣ ኅዳርም ያልፈኛል ብላ ፈራች። ክኒኑን አንስቼ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። «እስከ ኅዳር ሰባት ይቆይ» አልኳት። ቀኑ ጥቅምት አሥራ ስምንት ነበር።

ከዚያ መወፈር ጀመረች።

ታክሲ መያዣው ጋ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ባጫ የሚባል ሰው አለ። በየሁለት ቀኑ እሱ ጋ ወሰድኳት። ሃምሳ አራት ሆነች፣ ቀጥሎ ሃምሳ ሰባት። የጽጌን ጾም ስለያዘች ጨው ጣል አድርጌ የአጃ አጥሚት አፈላላት ነበር፤ የሠራላት እሱ መሰለኝ።

«እማማ፣ ሃምሳ ሰባት!» አለ ባጫ። «ሰርግ አለብዎት እንዴ?»

«አዎ፣ አንተን ልድርህ ነው። ጢምህን ተላጭ።»

አሪፋም ሌላ ሰው ሆነች። «ማሻአላህ! ፊትሽ ሞላ እኮ። ምን እያበላችሽ ነው?»

«አጥሚት። በዚህ ዕድሜዬ አራስ አድርጋኛለች።»

«ታዲያ ክርስትናው መቼ ነው?» አለች አሪፋ፣ ሁለቱም ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እናቴ ስትስቅ ሳልም አቋረጣት፤ ብርድ ነው አልን። ጫማዋ አልገባ አላት፤ ጠቦ ነው ብዬ ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማ ገዛሁላት። ጋደም ስትል ትንፋሿ ስለሚያንቃት ግድግዳ ተደግፋ ማደር ጀመረች፤ ያንንም ከጾሙ ቆጠርነው። ሁሉም ነገር ፊታችን ነበር። ክንዷ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ሆዷና እግሯ ብቻ ሲሞላ፣ እኔ በየቀኑ ሰውነቷን የማጥበው ልጇ አላየሁም። ኅዳር አራት ቀን ስድሳ ደፈነች። ባጫ አጨበጨበላት። እኔ ተመስገን አልኩ።

ኅዳር ስድስት ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ሽቅብ ይጎርፋል። መጀመሪያ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ትሄድና ትቆማለች። ስትቆም ነጠላዋን የምታስተካክል ትመስላለች። ከአራተኛው ምሰሶ በኋላ እዚያም አልደረሰችም። አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ስድስት።

«መኪና ላስቁም?»

«የተሳልኩት በእግሬ ነው።»

«እማዬ፣ ከንፈርሽ ጠቆረ።»

«ዝም በይና ያዢኝ።»

ከላይ በድምፅ ማጉያ የሚወጣው ዝማሬ ይሰማን ጀመር። መንገዱ ዳር ድንጋይ አገኘችና ተቀመጠች። የሚያልፉት «አይዞዎት እናቴ፣ ደርሰዋል» ይሏታል። ትንሽ ቆይታ እንደ ጤና ጣቢያው እጆቿን ጉልበቷ ላይ ሳታሳርፍ ልትነሳ ሞከረች። አልተነሳችም። እጆቿን አሳርፋ ሞከረች። አሁንም አልሆነም። በብብቷ ገብቼ ላነሳት ስል ጫማዋ ወለቀ፤ መልሼ ላጠልቅላት ቁርጭምጭሚቷን ስይዝ ጣቴ ሥጋዋ ውስጥ ሰረጎደ፤ ሳነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሁለታችንም አየነው።

በሚኒባስ ቁልቁል ወርደን ሆስፒታል ገባን። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። በመርፌ ውሃውን ሲያወጡላት አርባ ሰባት ኪሎ ገባች። እልል ካልንበት ስድሳ ኪሎ አሥራ ሦስቱ ውሃ ነበር።

ሐኪሙ ካርዷን እያየ ተቆጣ። «ክብደት ከጨመሩ ወዲያው ይምጡ ተብሎ ተጽፏል። ክኒኑንስ ማን አስቆማችሁ?»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ ዶክተር። እሷ ስትሰጠኝ ጥዬው ነው።»

እስከ ዛሬም አላስተካከልኩትም።

አሥራ አንድ ቀን አልጋ ላይ የዋለ እግር ባሬላ የተሸከመ መሆኑን አያስታውስም። ቤት ስትመለስ ከወንበር አንድ ጊዜም መነሳት አልቻለችም። ክኒኗን አሁን በሰዓቱ ትውጣለች። ሐኪሙ ልቧ ከበፊቱ ይበልጥ እንደደከመና ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ነገረኝ። በየቀኑ እግሯን እንዳንቀሳቅስላት ያሳየኝን አደርጋለሁ። ለውጥ የለውም። ሽንት ቤት የምትሄደው እኔ ተሸክሜያት ነበር፤ ወገቤ ሲያቅተኝ ፖፖ አመጣሁ። መጀመሪያ ባደረገችበት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የነፍስ አባቷ መጡ። «ወለተማርያም፣ አቅም ያነሰው ሰው ስለት አይያዝበትም። ፈትቼሻለሁ» አሏት። «እሺ አባቴ» ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ሲወጡ ጠራችኝ።

«ደረትሽን ያምሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ትናንት ስትስይ ሰምቼሻለሁ።»

ዓመቱን እንዲህ ነው የከረምነው። ሳስል ትነቃለች። ከገበያ ከዘገየሁ አሪፋን ተጣርታ መንገድ ላይ እንድትፈልገኝ ትልካታለች። የአሪፋ ልጅ መኪና ስላለው ዘንድሮ ቁስቋም በራፍ ድረስ ላድርሳችሁ አለን፤ እናቴ አልሰማም አለች። ለእሷ ስለቱ አምና ጎድሏል፤ የቀረው ቅጣቱ ነው።

ዘንድሮ ኅዳር ስድስት ማለዳ ጧፍ ይዤላት ልወጣ ነጠላዬን ስለብስ «አትውጪ» አለችኝ።

«ስላንቺ ተሳልሜ ልምጣ እንጂ።»

«ዛሬ ከዚህ ቤት አትወጪም። መኪና አለ፣ ገደል አለ። እዚህ ተቀመጪ፣ እኔ ልይሽ።»

ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጫፉን በጣቷ ጠቅልላ ያዘችው። ውጭ ሰው ሽቅብ ሲያልፍ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ቁልቁል ሲመለስ ይሰማን ነበር። አሪፋ በሩን አንኳኩታ «ደህና ናችሁ?» አለች። «ደህና ነን» አልኩ። እናቴ ፊቴን ታየዋለች። ምሳ አልበላችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጣቷ ላላ፤ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ነጠላዬን ቀስ ብዬ ስስብ ነቃችና መልሳ ያዘችው።