ስምንቱ በአንድ ጡብ

ወረታ ከተማ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሳለሁ ያንገበገበኝ ገመዱ ሳይሆን ሰዉ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ አንዱ ይነሣና የሌላውን ክፍል ገመድ የስምንቱም ክፍሎች ገመድ ከሚሰካበት ሣጥን፣ ከስዊቹ ላይ ይነቅላል፤ ለራሱ የሚፈጥንለት እየመሰለው። ሒሳብ ክፍል የሩዝ ባለሙያዎቹን ይነቅላል፤ እነሱም በተራቸው ሌላውን። እኔ ስሰካ እውላለሁ። ግምገማ ላይ ባነሣው ሁሉም "እኔ አልነካሁም" አለ። ኃላፊው ደግሞ "ይህ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው" ብለው በቃለ ጉባኤ አስያዙት። በማግስቱ ሦስት ገመድ ተነቅሎ አገኘሁ።

በቃኝ። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያው ላይ የጭነት መኪና ቦዲ ከሚጠግኑበት ጋራዥ ስቱኮ ለምኜ አመጣሁ። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ስምንቱን የገመድ ጫፎች ስዊቹ ላይ እንደተሰኩ፣ እያንዳንዱን ለብቻው የሚይዘውን መቆለፊያ ቆርጬ፣ ከኋላቸው በስቱኮ አንድ ላይ ደፈንኳቸው። ደርቆ ጡብ ሆነ። ከእንግዲህ የሌላውን የሚነቅል የራሱንም ይነቅላል። ለማንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ገና ሳልቀመጥ ኃላፊው ቢሯቸው አስጠሩኝ።

"የመንግሥት ንብረት አበላሽተሻል። ያንን ነገር አሁኑኑ ሰብረሽ ለያይው።"

ማን ነገራቸው እያልኩ ሳስብ ጣቶቻቸውን አየሁ። የስቱኮ ዱቄት ነክቷቸዋል።

"አልሰብረውም" አልኳቸው። "እርስዎ ግን እጅዎን ይታጠቡ።"