ሞልካር ልጅ ሳለ

ጋሽ መዝገቡ ሥዕል የተማሩት ከአባታቸው ነው፤ አባታቸውም ከአባታቸው። የተማሩበት ሰሌዳ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር። ልጅ ሆነው ቀለም ሲበጠብጡ አባታቸው መጀመሪያ ያስጨበጧቸው ሕግ ስለ ቀለም አልነበረም፤ ስለ ዓይን ነበር። «ጻድቅ በሙሉ ፊቱ ይሣላል፤ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ኃጥእ ግን ከጎኑ ይሣላል፤ በአንድ ዓይን። ምእመኑ ከክፉ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠም።» ስለዚህ በእሳቸው እጅ ይሁዳ በአንድ ዓይን ነው፤ ሰይጣን በአንድ ዓይን ነው፤ ሕፃናቱን የሚያርዱት የሄሮድስ ወታደሮችም በሙሉ በአንድ ዓይን ናቸው። ሰፈራችን ቀጨኔ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ እንኳ ይህን ያነባል።

ደርግ ከገባ በኋላ ግድግዳውን የሚያሥል ደብር ጠፋ። ጋሽ መዝገቡ ለቀበሌው መፈክር ይጽፉ ጀመር። ፊደል ዓይን የለውምና አልተቸገሩም። ቤታቸው ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ፣ የሸክላ ሠሪዎቹን መንደር አለፍ እንዳሉ ዳገቱ ላይ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አብረዋቸው የሚኖሩት ልጃቸው ሰናይትና ባሏ ጉታ ነበሩ። ጉታ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ቤተሰቦቹ ጴንጤ ስለሆኑ ጋሽ መዝገቡ ጋብቻውን መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። ውሎ አድሮ ግን «ሴት ልጄን ሰጥቼው ወንድ ልጅ ሰጠኝ፤ ራሱን» ማለት ጀመሩ።

በ1977 ዓ.ም. አንድ የጠፈር ፊልም ወጣቱን አሳበደው። ሞልካር የሚባል ክፉ ጌታ አለበት፤ ጡጫውን በጨበጠ ቁጥር አንድ ኮከብ ይጠፋል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ወደ ሰማይ እያየ ጡጫውን ይጨብጥ ጀመር። ይህ የቀበሌውን የቅስቀሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ስለሺን አሳሰበው። «ወጣቱ ሞልካርን ከወደደ፣ ሞልካር ከየት እንደመጣ እናሳየው» አለ። በቀበሌው ደጃፍ ባለው የግድግዳ ጋዜጣ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ አንድ ካርቶን ወረቀት፣ በተከታታይ ሥዕል፣ የሞልካር የልጅነት ታሪክ እንዲወጣ ተወሰነ። ክፋት ከብዝበዛ ሲወለድ ይታያል፤ በመጨረሻም የኮከቡ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ይይዙታል።

ጋሽ መዝገቡ ፊልሙን አላዩትም ነበርና ጉታ ሲኒማ ቤት ወሰዳቸው።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አላቸው ሲወጡ።

«ክፉው የቱ ነው?»

«እንዴ! ኮከብ የሚያጠፋው ነዋ! ሞልካር!»

«እሱማ ፊት ለፊት ነው የሚያየኝ፤ በሁለቱም ዓይኑ። ክፉ ከሆነ ምነው ከጎኑ አልታየ?» ትንሽ ሄደው ደግሞ ቆሙ። «እናቱስ?»

«የማን እናት?»

«የሞልካር።»

«ጋሼ፣ ፊልሙ ላይ እናት የለውም።»

«እናት የሌለው ሰው የለም» አሉ ጋሽ መዝገቡ። ታሪኩ እዚያው መንገድ ላይ ተጀመረ።

በዚያው ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ጉታ ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ ነው፤ ሰናይት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ጋሽ መዝገቡ ወደ ቀበሌ ወርደው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ጓድ ስለሺ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ግን አላመናጨቃቸውም።

«ጓድ መዝገቡ፣ እርስዎ ሥዕሉን ይሥሩ። ጉታ ካርቶን የሚለጥፍ የኮሚቴው ሰው ይባላል። ሥዕሉ እስካለ ድረስ ማንም አይነካውም።»

«ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅ እናያለን።»

ይህችን «እናያለን» እንደ እሾህ ይዘዋት ዳገቱን ወጡ። ቤት ሲደርሱ ግን ልጃቸውን «አይዞሽ፤ ይሄ ልጅ ቶሎ አያድግም» አሏት።

እውነትም አላደገም። ሞልካር ቁልቁለት በበዛበት፣ ቀጨኔን በሚመስል ኮከብ ላይ ከሸክላ ሠሪ ተወለደ። በአንዱ ሳምንት ጥርስ አበቀለ። በሌላው ዳዴ አለ። ከዚያ ኩፍኝ ያዘው፤ ኩፍኙ ብቻ ብዙ ካርቶን ፈጀ። ሲድን ጭቃ አቦካ። እናቱ ማሰሮ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ተከተላት። ሁልጊዜ በሙሉ ፊቱ ነው፤ ትልልቅ ዓይኖቹ ወደ ተመልካቹ ናቸው። እኔ ያኔ ስድስት ኪሎ የምማር፣ ግጥም የምሞካክር ልጅ ነበርኩ። እዚያ ሰሌዳ ፊት አፌን እንደከፈትኩ ቆሜ ትምህርት ያረፈደብኝ ቀን ብዙ ነው። ያንን ሁሉ ጥቁር ሰማይ አልፎ፣ ከዋክብት ዳር ላይ የእኛን ቀይ ጭቃ ማግኘት! በሰው ጣት ውስጥ ስንት ሰማይ አለ እያልኩ እገረም ነበር።

ከአዲሱ ገበያ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ሰሌዳው ጋ ይቆማል።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ኧረ ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚከፋው?»

«መጀመሪያ ይደግ እንጂ! ገና ከኩፍኝ መነሣቱ ነው።»

«በዚህ አያያዝ ሞልካር ሳይከፋ ጡረታ ነው የሚወጣው!»

«ተዉት ልጁን!» ትላለች እትዬ የሺ፣ ሸክላዋን ለገበያ የምታወርደው አሮጊት። «እናንተን ምን አጣደፋችሁ? ይልቅ እናቱ ወገቧን አሟታል፤ አጎነባበሷ ያስታውቃል።»

ሰናይት ብቻ አትስቅም። ካርቶኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ቀርባ ልጁ ምን ያህል እንዳደገ ታያለች። ትንሽ ረዝሞ ካየችው «አባባ፣ ቁመቱን ቀንስልኝ» ትላለች፤ እሳቸውም ይቀንሳሉ።

አንድ ጠዋት ጓድ ስለሺ ቤት ድረስ መጣ።

«ጓድ መዝገቡ፣ ይሄ ልጅ እኮ ጭቃ ከማቡካት በስተቀር ምንም አልሠራም! ብዝበዛው የት አለ? ሕዝቡ እየወደደው ነው!»

«ልጅ ነው እኮ ጓድ።»

«ሞልካር ነው! ቅዳሜ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ። በዚህ ካርቶን ይሰርቃል፣ ይያዛል፣ በቃ፣ አለቀ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሳምረው ከጨረሱት የጉታን ነገር ለእኔ ይተዉት። ለሁልጊዜው አስቀረዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ጋሽ መዝገቡ አመኑት። ከዚያ በፊት ማንም ለሁልጊዜው የሚል ቃል አልሰጣቸውም ነበርና።

በራፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ፀሐይ እየሞቃቸው ሠሩት። ሞልካር አንድ ዳቦ ሰረቀ፤ ከዚያ የበለጠ ክፋት ከእጃቸው አልወጣም። ከዚያ የታጠቁት ጠባቂዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። እናቱ ጭቃ በነካ እጇ ልጇን አጥብቃ ይዛለች፤ እነሱ ይጎትቱታል። ጋሽ መዝገቡ እንዲህ ያለውን ነገር በየደብሩ ብዙ ጊዜ ሥለዋል፤ ሕፃን፣ እናት፣ ሰይፍ የያዙ ሰዎች። እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ሐሳባቸው ጉታ ዘንድ ነበር፤ በእፎይታ የሚመጣውን ክረምት፣ የሚወለደውን ሕፃን እያሰቡ ነበር። እጃቸው ግን አባታቸው እንዳስተማሩት ሠራ። ጠባቂዎቹ ሁሉ ከጎናቸው፣ በአንድ ዓይን። ሌባው ልጅ በሙሉ ፊቱ።

ሰናይት ያን ቀን ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ካርቶኑን ያየው ጉታ ነው። ጉታ ያደገበት ጸሎት ቤት ግድግዳው ነጭ ነው፤ ሥዕል የሚባል የለበትም። «ጋሼ፣ ከሁሉም ይሄ ያምራል» አለ፤ ጠቅልሎ ወሰደና ኮላ ቀብቶ በገዛ እጁ ለጠፈው። ጓድ ስለሺም ካድሬ ከመሆኑ በፊት ያደገው እንደዚያው ባለ ጸሎት ቤት ነበር። እጁን ኋላ አጣምሮ አየው።

«ይሄ ነው! አየህ ጉታ፣ ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያዩት። ዲሲፕሊን ማለት ይሄ ነው!»

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ሰው ሞልቷል። የሚቀልድ ጠፋ። እትዬ የሺ ማሰሮዎቿን መሬት አስቀምጣ ሥዕሉን አየች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ አማተበች። ከዚያ ቀረብ ብላ የሰሌዳውን ጠርዝ ተሳለመች። ከኋላዋ የነበሩት ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ በዚያ ዘመን፣ ቀበሌ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ይሳለም!

ጓድ ስለሺ ከቢሮው ወጣ። «ምንድነው ይሄ? ምን ይሳማሉ? ደቻሳ!»

ደቻሳ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጓድ፣ እ... በአንድ ዓይን ነው የተሣልነው።»

«ማን?»

«እኛ። ጠባቂዎቹ።»

«ከጎን ስለምትታዩ ነዋ! ከጎን የሚታይ ሰው ስንት ዓይን ሊኖረው ነው?»

«እሱስ ልክ ነው ጓድ። ግን በእኛ ቤተ ክርስቲያን... ማለቴ፣ ድሮ ስሄድ... እንዲህ የሚሣለው ሰይጣን ነው። ይሁዳም። ልጁ ደግሞ እንደ ቅዱስ ነው የተሣለው።»

ስለሺ ወደ መንገዱ ዞሮ አየ። ሰሌዳውን ባዶ እንዳያደርገው እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። ጋሽ መዝገቡን አስጠራ። እሳቸው እየሮጡ ወረዱ፤ ሰው መንገድ ከፈተላቸው። የራሳቸውን ሥራ ከመንገድ ላይ ቆመው አዩት።

«እጄ ነው» አሉ። «ጓድ፣ በመድኃኔዓለም፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ሁለተኛ ዓይን ጨምርላቸው! አሁኑኑ!» እርስዎ መባሉ ቀርቶ ነበር።

ከጎኑ በተሣለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ጉታ አለ። በርጩማ ላይ ወጡና ይጨምሩ ጀመር። ለአንዱ ጠባቂ ጉንጩ ላይ አደረጉለት። ለሁለተኛው መንጋጋው ላይ ወረደ። ለሦስተኛው ከጆሮው ሥር ሌላ ቦታ አላገኙም። ከቆመው ሰው መሐል እንዲሳካላቸው የሚጸልይም ነበር። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤

«ውይ! ለካ ለዚህ ነው የምንሾካሾከውን ሁሉ የሚያዩት!»

ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። እትዬ የሺ ሳቀች፤ ደቻሳም ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ጋሽ መዝገቡ ብቻ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው እንዳደረጉ በርጩማው ላይ ቀሩ። የእንግዶቹ መኪና የቆመው በዚያ ሳቅ መሐል ነው።

ስለሺ ራሱን ለማዳን «ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው» ብሎ ነገሩን ሊያቃልለው ሞከረ፤ በዚህ ምክንያት ጋሽ መዝገቡን አላሰሯቸውም። ከእንግዶቹ አንዱ ግን የሚለጥፈው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎቹ ጎሚስታ ቤት ሄዱ። ጉታ የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን እየፈለገ ነበር። ደቻሳን ሲያይ «ሌላ ካርቶን መጣ እንዴ?» አለው። ይህን የነገረን ራሱ ደቻሳ ነው፤ ነግሮንም ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። ጉታን እጁን እንኳ ሳያደርቅ ለውትድርና ወሰዱት።

ሰናይት የአባቷን ድንጋጤ አይታ ለጥቂት ቀናት ታገሠች። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ለእኛ ስትል አንድ ዓይን መጨመር አቃተህ?»

«ጨመርኩ እኮ ልጄ።»

«ኋላ! ሰው ሁሉ ካየው በኋላ!» አለች።

ሴት ልጅ ወለደች። ከጉታ በሰው የተላከ አንድ ሰላምታ ደረሰ፤ ሥልጠናውን ጨርሰው ወደ ሰሜን ሊሄዱ እንደሆነ። ከዚያ በኋላ ምንም። ቀበሌው ሌላ ሠዓሊ አምጥቶ ሞልካርን በአንድ ካርቶን አሳድጎ፣ አክፍቶ፣ ጨረሰው፤ ማንም ቆሞ አላየውም። ጋሽ መዝገቡ ሥራ አላጡም። በየምልመላው ወጣቶቹ የሚሸኙበትን የቀይ ጨርቅ መፈክር የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ፊደሎቹን ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ቀጥ ያሉ፣ የሚያምሩ፣ ስሕተት የሌለባቸው ፊደሎች። ሰናይት ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ሲያማቸው ታስታምማቸዋለች። አታናግራቸውም ነበር ብል ውሸት ነው። «በላህ?» ትላለች፤ «ብርድ ነው፣ ግባ» ትላለች። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር አልሰማሁም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተበተነው ጦር በጎጃም መንገድ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ ገባ። ጫማ የሌለው፣ ቁስሉን በሸማ የጠቀለለ፣ ጠመንጃውን በዳቦ የሸጠ። ሰናይት ውኃ በጀሪካን፣ ከጣሳ ጋር ይዛ በአንዱ ዳር ቆመች። አባቷን «አንተ በዚያ ዳር እይ፣ ሳናየው እንዳያልፍ» አለቻቸው። ጋሽ መዝገቡ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው በማዶ ቆሙ፤ ያለፈውን ፊት ሁሉ አዩ።

አንዱ ወታደር ከሰናይት ውኃ ተቀበለ።

«ወንድሜ፣ ጉታ የሚባል ታውቃለህ? የቀጨኔ ልጅ ነው። ጎሚስታ ይሠራ ነበር።»

ሰውየው ጠጣ፤ ጣሳውን መለሰላት። «እህቴ፣ እዚያ ሁሉም ወታደር ነበር» አለና ሄደ።

ሲመሽ የሚመጣው ሰው ሳሳ። ከዚያ አህያ የሚነዳ ገበሬ ብቻ ቀረ። ሰናይት ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ መንገዱን ተሻገረች። አባቷ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ትንሿን ከእጃቸው ተቀበለች።

«እንሂድ» ያለችው ልጅቷን ብቻ ነበር።